የተቀደደ ካልሲና የጃፓን ግጥም

ካልሲ ለምንድን ነው ሁልጊዜ በአውራ ጣት በኩል የሚቀደደው? ተረከዝ አለ፣ ትንሿ ጣትም አለች። የለም፤ አውራ ጣት ካልወጣ አይሆንም። ያውም ቤታችሁ ሳላችሁ አይታወቃችሁም። እንግድነት ሄዳችሁ፣ ጫማችሁን አውልቁ ስትባሉ ነው ነገሩ የሚገለጠው። እኔ ይህን የምለው ሳላውቅ አይደለም። ኑሮዬን ያበላሸው አንድ የተቀደደ ካልሲ ነው። ወይም ያሳመረው። እስካሁን አልወሰንኩም።

አሁን የምነግራችሁን ለእህቴ እንኳን ነግሬያት አላውቅም። ዓይን አፋር ነኝ። ደሴ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ፤ ሰሌዳ ፊት ስቆም አላፍርም፤ አሲድና ቤዝ አፍጥጠው ስለማያዩኝ ይሆናል። ከክፍል ስወጣ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ሠፈሬን አልፌ ሄጄ፣ ሌላ ሰው ሲወርድ ተከትዬ ወርጄ በእግሬ የተመለስኩ ሴት ነኝ። ደግሞ አንዴ አይደለም።

እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ ጃፓን የላኩት። ለሳይንስ መምህራን የተዘጋጀ ሥልጠና ነበር። ወደ ማብቂያው ላይ ለሽርሽር ብለው አንድ ሙዚየም ወሰዱን፤ የግጥምና የድሮ ጥበብ ሙዚየም። የግጥም ሙዚየም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሙዚየም ሲባል የማውቀው ጋሻና ጦር፣ የድሮ ገንዘብ፣ አቧራ የለበሰ ዙፋን ነው። እሱንም በወሬ ነው። ደሴ ሙዚየም አለን አይደል? በደጁ አልፋለሁ። ገብቼ ግን አላውቅም። እናንተስ? ተዉት፣ አላስጨንቃችሁም።

ሙዚየሙ ዝቅ ያለ የእንጨት ቤት ነው። በሩ ላይ ግራጫ ኪሞኖ የለበሱ አሮጊት ቆመው እጅ ይነሳሉ። ከእሳቸው ኋላ ወለሉ በሙሉ ምንጣፍ ነው፤ ከሣር የተሠራ፣ ቢጫ፣ ንጹሕ። ስለዚህ ጫማ ይወልቃል። እኛ ወሎዬዎች ጫማ ማውለቅ አይገርመንም፤ መስጊድም እናወልቃለን፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱትም ያወልቃሉ። ግን ሰው መስጊድ ሲሄድ ካልሲውን አይቶ ነው። ሙዚየም ጫማ እንደሚያስወልቅ ማን ነገረኝ?

ጫማዬ ውስጥ ጣቴን ነካ ነካ አደረግሁት። ወጥቷል። አውራ ጣቴ ሙሉ በሙሉ ውጭ ነው። ያውም ከደሴ ስወጣ እንሶስላ ሞቄ ነበር፤ ጥፍሬ እንደ ድልህ ቀልቷል። በዚያ ቢጫ ምንጣፍ ላይ ያ ቀይ ጣት ሲራመድ ታየኝ። ከየአገሩ የመጣው መምህር ሁሉ ግድግዳውን ትቶ እሱን ሲያይ ታየኝ። «እግሬን አሞኛል» አልኩ።

ጃፓን እግር አመመኝ አይባልም። ይህን ምክር በነፃ ውሰዱ። ወዲያው ወንበር መጣ። ቀጥሎ ውኃ መጣ። ቀጥሎ አንዲት ወጣት ነጭ ሣጥን ይዛ መጣች፤ ፋሻ፣ ቅባት፣ መቀስ። ፊቴ ተንበረከከችና ልታየኝ ብላ ጫማዬን ለማውለቅ እጇን ዘረጋች። ዘልዬ ተነሳሁ። «ተሽሎኛል!» አልኩ። «እንግዲያው ይግቡ» አሉኝ። «እንደገና አመመኝ» ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያች ቀን በኋላ እስክንመለስ ድረስ ማነከስ ግዴታዬ ሆነ። አንድ ጠዋት ከኬንያ የመጣው ጓደኛችን «ትናንት ቀኝሽን አልነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «ተዛመተ» አልኩት።

ብቻ ሌሎቹ ገቡ፣ እኔ በር ላይ ቀረሁ። ያየሁት ነገር ቢኖር በተከፈተው በር በኩል ፊት ለፊት የተሰቀለ አንድ ረጅም ወረቀት ነው። ጉም ውስጥ የተደበቀ ተራራ፣ ከጎኑ መስኮት ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጥቁር ጽሕፈት። አሮጊቷ ሳያዝኑልኝ አልቀሩም። መጥተው አጠገቤ ቆሙና ያንን ጽሕፈት ድምፃቸውን እየጎተቱ፣ ቀስ እያሉ አነበቡልኝ። አንዲት ቃል አልገባኝም። ግን እኛ አገር አዛውንት እንደዚያ ቀስ ብሎ ድምፁን ሲጎትት ምንድን ነው? ዱዓ ነው። እጄ በራሱ ተዘረጋ። «አሚን» አልኩ። እሳቸው እጅ ነሱኝ። እኔም እጅ ነሳሁ። እሳቸው ደግመው ነሱ። ማን ቀድሞ እንደሚያቆም ስለማላውቅ ጓደኞቼ ወጥተው እስኪገላግሉኝ ድረስ እጅ ስንነሳሳ ቆየን።

እዚያ በር ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር። ግጥማቸው በጣም አጭር ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል ይላል። ይህ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። የኛ ግጥም ረጅም ነው፤ ተነስቶ፣ ጉሮሮ ጠርጎ፣ ሰው እያየ ነው የሚባለው። እኔ ደግሞ ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ ላብ ያጠምቀኛል። የነሱ ግን እፍረት እስኪደርስ ድረስ አልቋል። ለእንደኔ ዓይነቷ የተሠራ አይመስልም?

ደሴ ተመለስኩ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገና ከመግባቴ ጋሽ መኮንን ያዙኝ። ጋሽ መኮንን የአማርኛ መምህር ናቸው፤ አሁን ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ የሚመሩ፣ ግጥም ሲሰሙ ሻያቸው የሚቀዘቅዝባቸው ሰው።

«እህ ሉባባ፣ የግጥም ሙዚየም ገባሽ አሉ! እስቲ አንድ ንገሪን።»

ምን ልበል? በር ላይ ተቀምጬ ነበር ልበል? ለምን ሲሉኝስ? በመስኮቱ ስመለከት ጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ባለቤቴ ይመር ያኔ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ቢስቲማ ነበር የሚሠራው፤ በዚያ ሳምንትም ሥራ ይዞት አልመጣም። አፌ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤

«ተራራው ጉም ለበሰ፤
አንተም የለህም፤
ዛሬ ማንን ልይ?»

ጋሽ መኮንን ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። «ማነው የጻፈው?» አሉ። «አንዲት ሴት ናት። የድሮ ሴት። ስሟ አይታወቅም» አልኩ።

የኔ ነው ብትይስ ምን ነበረበት ትሉኝ ይሆናል። ደሴን አታውቋትም ማለት ነው። የኔ ነው ብል የመጀመሪያው ጥያቄ «ለማን ነው?» የሚል ነው። ለባሌ ነው ብል ደግሞ የባሰ ነው። አንዲት ሴት ሌላ ሰው ብትወድ ወሬ ነው፤ ያልፋል። የገዛ ባሏን በግጥም የምትናፍቅ መምህርት ግን በምን ዓይኗ ተማሪ ፊት ትቆማለች? ለጃፓናዊቷ ስሰጣት ግን ሁሉም ቀለለ። እሷ ምን ቸገራት? ሞታለች፤ ያውም አልተወለደችም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ መኮንን ባገኙኝ ቁጥር «ሌላስ?» ማለት ጀመሩ። እኔም አስታወስኩ እያልኩ አመጣላቸው ነበር። አንድ ሰኞ ይቺን ሰጠኋቸው፤

«ጅቡ በደጄ አለፈ፤
የፈራሁት ግን
ባዶውን ትራስ ነው።»

ትራስ! እኔ! ይህን በስሜ ብናገር ያን ቀን ከተማውን ለቅቄ እወጣ ነበር። የጃፓን ስለሆነ ግን በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ተነበበ። አጥሩን አልፎ መንገድ ድረስ ተሰማ። የሥነ ዜጋ መምህራችን፣ ቁምነገረኛ ሰው ናቸው፣ «ጃፓኖች ግልጽ ሕዝብ ናቸው። ያደጉት ለዚህ ነው» አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ይመር ሰማ። ቅዳሜ ከቢስቲማ ሲመጣ ፒያሳ ጋሽ መኮንንን አግኝቶ፣ ማኪያቶ ሲጠጡ እሳቸው በቃላቸው ወረዱለት። ቤት ሲገባ ዓይኑ ሌላ ነው። «ይቺ ሴት ባሏ ምን ሠርቶ ነው እንዲህ የታደለው?» አለኝ። እኔ ድንች እየላጥኩ ነበር። አንገቴ አልቀና አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሰው እንደተጨመረ ቁጠሩት። ይመር ግጥሞቿን አንድ ሳያስቀር ያዘ። ከቢስቲማ ሲደውል እኔ የምለው «ዘይት አልቋል። ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ነበር። ደህና እደር» ነው። ሆዴ ውስጥ ያለው ሌላ ነው፤ አፌ ላይ ሲደርስ ዘይት ይሆናል። ታዲያ እሱ ይስቃል። «ሉባባዬ፣ እስቲ ከዚያች ሴት ትንሽ ተማሪ። ባዶ ትራስ ፈራሁ አለች እኮ! አንቺ ዘይት አልቋል ትይኛለሽ።» አንዴማ ሰግዶ ሲነሳ ዱዓው ውስጥ እሷንም ሲጨምር ሰማሁት። ሰው ለማይኖር ሰው ምሕረት ሲለምን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከጓዳ ሆኜ አሚን ልበል አልበል ግራ ገባኝ።

ለምን አልነገርሽውም? አፈርኩዋ! ግጥሙን መናገር አፍሬ ነው ጃፓናዊት የፈጠርኩት፤ ጃፓናዊቷን ፈጠርኩ ብሎ መናገር ደግሞ እጥፍ ያሳፍራል። እፍረት ወለድ አለው።

ዓመታት አለፉ። ይመር ወደ ኮምቦልቻ ተዛወረ፤ እኛም እዚያው ገባን፤ እኔ ጠዋት ጠዋት ደሴ እየወጣሁ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ታዲያ ጋሽ መኮንን በሁለት እጃቸው እያጨበጨቡ መጡ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ለማማከር የመጡ ጃፓናዊት ሴት አሉ። ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ ፈቅደዋል። ተማሪዎች ግጥሞቹን ያነቡላቸዋል። አስተርጓሚዋ ማን እንደምትሆን ገምቱ።

«ጋሽ መኮንን፣ እንግዳ ናቸው፤ ግጥሙ ቢቀር፣ እንዳይደክማቸው» አልኩ።

«ምን ነካሽ ሉባባ? አገራቸውን ናፍቀው ይሆናል እኮ! እንባቸው ነው የሚመጣው።»

የመጣው የኔ እንባ ነበር። ሴትዮዋ «ይህ የኛ ግጥም አይደለም» ያሉ እንደሆነ አበቃልኝ። ትምህርት ቤቱ ሁሉ «እንግዲያው የማነው?» ይላል። ትራሱ የኔ፣ ባዶነቱ የኔ መሆኑ ይታወቃል። ቀኑ ሲደርስ ይመር ደግሞ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ፊተኛው ወንበር ላይ ጉብ ብሏል። ለእኔ የምረቃ ቀን ያንን ሱፍ አልለበሰም። ለሷ ለበሰ።

እንግዳዋ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ፀጉራቸው አጭር፣ ፈገግታቸው የማይጠፋ ሴት ናቸው። ተማሪዋ በአማርኛ ታነባለች፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። አጣምሜ እንዳልተረጉም የእንግሊዝኛው መምህር ጎኔ ተቀምጧል፤ ይህ ሰው ስህተት ካላገኘ ምሳ የማይበላ ነው። የተራራውና የጉሙ ግጥም ተነበበ። እንግዳዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ልክ እንደኛ መንደር» አሉ። አልሃምዱሊላህ። ይመር ወደ ኋላ ዞሮ ለማያውቀው ሰው «አላልኩም?» አለው።

ቀጥሎ ጅቡ መጣ።

ተረጎምኩት። እንግዳዋ ፈገግታቸው እንዳለ ቅንድባቸው ብቻ ተነሳ። «ጅብ?» አሉ። «አዎ፣ ጅብ።» ከዚያ በትሕትና አንድ ነገር ተናገሩ። አዳራሹ እኔን ያያል። የእንግሊዝኛው መምህር ወደ እኔ ዘንበል ብሏል። መተርጎም አለብኝ። የራሴን ፍርድ ራሴ አነበብኩት፤

«እንግዳችን... ግጥሙ በጣም ያምራል ይላሉ። ግን... አገራቸው ጅብ የለም።»

ይታያችሁ! ጉሙን ሳስብ ለተራራው ስም አልሰጠሁም። በሌላ ግጥም ወይራውን አውጥቼ ጥድ አደረግሁት። ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ፣ በዓለም ላይ ጅብ የሌለበት አገር ይኖራል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። ያላሰብኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። አዳራሹም አላሰበም ነበር። ከወላጅ ኮሚቴ የመጡ አንድ ሐጂ «ጅብ የሌለበት አገር! ሱብሃነላህ!» ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ከኋላ አንዱ ተማሪ «ታዲያ ማታ ማታ ምን ይጮኻል?» አለ። ጠየቅኋቸው። «ባቡር» አሉ። አዳራሹ አዘነላቸው።

ጋሽ መኮንን ግን እያዘኑ አልነበረም። እያሰቡ ነበር። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ስቤዋለሁ፤ የሚቀረኝ ዓይኔ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እንግዳዋም አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ «ምናልባት ቀበሮ ይሆናል። ቀበሮ አለን። ግጥም አገር ሲቀይር አውሬውም ይቀየራል» አሉ። የእንግሊዝኛው መምህር ቀደመኝና «ቀበሮ ነው! የትርጉም ስህተት ነው!» ብሎ ጮኸ። ምሳውን በላ። ጋሽ መኮንንም ተነፈሱ፤ አዳራሹ አጨበጨበ።

ስሸኛቸው መኪናው አጠገብ ጠጋ አሉኝ። «ግጥሞቹ የተገኙበት ነው የተባልኩት ሙዚየም የኔ ከተማ ነው። ኖሬ ኖሬ ገብቼው አላውቅም፤ በደጁ ነው የማልፈው» አሉ። ቀጥለው በጆሮዬ «ጅቡን ግን እንዳታወጪው» አሉኝ። መኪናው ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ እጅ ነሳሁ።

አሁን ቀሪው ይመር ነው። ወደ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሱፉን ለብሶ መስኮቱን ያያል። ኩርፍ ብሏል። ገባው ብዬ ሰጋሁ። ከከተማው ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ዞረ።

«ሉባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ።»

«ጠይቀኝ።»

«የሰው ግጥም ላይ ጅብ የምትጨምሪው ምን ብትሆኚ ነው?»

ምን ልበላችሁ! እሱ ቀጠለ፤ «ስንት ዓመት ሙሉ ተሳስቼ ስል ኖርኩ። የሷ ቀበሮ ነበረች። ቀበሮ እኮ ሌላ ነው፣ ለስለስ ያለ ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት በጅብ ታበላሻታለሽ?» እውነትም ተቀይሟል። ለእሷ ተቆርቁሮ እኔን ተቀይሟል።

በዚያ ቅጽበት ቆረጥኩ። እፍረቴ አልጠፋም፤ ንዴቴ በለጠው እንጂ። «የኔ ናቸው» አልኩ።

«ምኖቹ?»

«ግጥሞቹ። ሁሉም። ሙዚየሙ አልገባሁም። ካልሲዬ ተቀዶ ነበር። ሴትዮዋ የለችም። ትራሱ ያንተ ትራስ ነው።»

ይመር አየኝ። ከዚያ ሳቀ። ከልቡ ሳቀ፣ ሱፉ እስኪጨማደድ። «አንቺ? ናፈቅኸኝ ማለት እንደ ኮሶ የሚመርሽ?» ድምፁ ከፍ ስላለ ሚኒባሱ በሙሉ ዞረ። ረዳቱ ዞረ። ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት እናት «ምን አለች?» አሉ። «እናቴ፣ ግጥም እገጥማለሁ ትላለች» አላቸው ይመር። «ታዲያ ምን ያስቃል፣ ትበል እንጂ!» አሉ። «እውነት ነው፣ ያንቺ ከሆነ አሁን እዚሁ አንድ በይልኝ» አለኝ ይመር።

ወራጅ አለ ማለት የምታፍረው ሴት በሰው ተከባ ተቀምጣለች። ሹፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ። ሐረጎን እየወረድን ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ እንደተለመደው ጆሮዬ ድፍን አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። በአንድ ትንፋሽ አልኩት፤

«ሐረጎን ስንወርድ
ጆሮዬ ተደፈነ፤
ያንተ ድምፅ ብቻ ይገባል።»

ዓይኔን ስገልጥ ሰው ሁሉ ያየኛል። ይመር እጄን ያዘኝ፤ በሰው ፊት፣ በሚኒባስ! ፊቴ ነደደ። አሁን አመነ ብዬ ጠበቅሁ። አሰበ፣ አሰበ፣ በመጨረሻ፤

«ጥሩ ነው» አለ። «ወላሂ ጥሩ ነው። የጃፓኗን ግን አያህልም።»

«ለጀማሪ ምንም አይልም። አታሳፍራት እንጂ!» አሉ እናቲቱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዲህ የራሴ ጣውንት ሆኜ እኖራለሁ። እኔም በስሜ አንዳንድ እገጥምለታለሁ። እጄን ይይዝና፣ እያሻሻልሽ ነው ይለኛል። ቀጥሎ ደግሞ «ከሷስ የቀረ የለም?» ይላል። እሷን ልገድላት አስቤ ነበር፤ ስለማታፍር ግን ሳሳሁላትና ተውኳት። ብቻ ቀናሁ። ጥሩ ጥሩውን ለራሴ ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ ለእሷ የምሰጣት የተረፈኝን፣ ያልጣመኝን፣ ልጥለው ያሰብኩትን ነው።

እሱ ግን አሁንም የሷን ነው የሚመርጠው።